ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ልጆች ጸጉር ለምን ይህን ያህል ይለያያል?

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የጎጃም፣ ባለቤቴ የወላይታ ተወላጆች ነን፤ ኑሯችን በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉን። የትልቋ ጸጉር ሉጫና ቀጭን፣ የመካከለኛዋ ሰፋ ሰፋ ብሎ የሚጠቀለል፣ የትንሿ ደግሞ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ከርዳዳ ነው። ሱቅ ስገባ ቅባቱና ሻምፑው የተደረደረው በሰው ዘር ነው፤ «ለጥቁሮች ጸጉር» የሚባል የተለየ መደርደሪያ አለ። ከዚያ የገዛሁት ቅባት ለትንሿ ሲስማማት የትልቋን ጸጉር አክብዶ ያጣብቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይህ አይደለም። ዘመድ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር የትልቋን ጸጉር እየዳሰሰ «እሷስ ቁርጥ አያቷን፣ ዞማ ነው» ይላል፤ ወደ ትንሿ ሲዞር ደግሞ «ይህቺስ ከየት አመጣችው?» ይላል። ትንሿ የሚባለውን መረዳት ጀምራለች፤ ያንኑ ጥያቄ መልሳ ለእኔ ታቀርብልኛለች። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች ጸጉር ይህን ያህል የሚለያየው ለምን እንደሆነ፣ የዘር ግንድስ በጸጉር ላይ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ ለልጄ እውነቱን ልነግራት እፈልጋለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር (ደሴ)፦

እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ በቂ መልስ ይገባዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ከራስ ቆዳ በላይ የምናየው ጸጉር ሕይወት የለውም። የተሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው፤ ጥፍራችንም የተሠራው ከዚሁ የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ሰዎች የተወሰደ ጸጉር በቤተ ሙከራ ሲነጻጸር፣ የኬራቲኑ አወቃቀርም ሆነ የአሚኖ አሲዶቹ ስብጥር በመሠረቱ አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «ጥሩ ጸጉር» እና «መጥፎ ጸጉር» ተብሎ የሚለይ የተለየ ንጥረ ነገር የለም። የሚለያየው ቅርጹ፣ ውፍረቱ፣ ቀለሙ፣ የእድገቱ ፍጥነትና በራስ ቆዳ ላይ ያለው ብዛት ነው።

አንድ የጸጉር ዘለላ በአግድም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘለላ በአብዛኛው ክብና ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ የአፍሪካውያኑ ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ቅርጽ አለው፤ የአውሮፓውያኑ በሁለቱ መካከል ይውላል። ይህ ግን አማካዩን የሚገልጽ ነገር ነው እንጂ እያንዳንዱን ሰው የሚመለከት ሕግ አይደለም። በአንድ ሰው ራስ ላይ እንኳ ክብ ዘለላና ሞላላ ዘለላ ጎን ለጎን ይበቅላሉ።

ጸጉር የሚጠቀለለው ከቆዳው ከወጣ በኋላ አይደለም፤ ቅርጹን ይዞ የሚወጣው ከበቀለበት ከረጢት፣ ማለትም ፎሊክል ከሚባለው ነው። ሉጫ ጸጉር የሚያበቅለው ከረጢት ወደ ቆዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከርዳዳውን የሚያበቅለው ግን ይጎብጣል፣ ሥሩም ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል። በጎበጠው ከረጢት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በሁለቱ ጎኖች እኩል ጊዜ አይጠነክሩም፤ እርጥብ ጣውላ አንዱ ጎኑ ቀድሞ ሲደርቅ እንደሚጎብጥ ሁሉ ዘለላውም እየተጠማዘዘ ያድጋል። ተመራማሪዎች የጎበጠ ከረጢት ከሰው ቆዳ አውጥተው በቤተ ሙከራ ሲያሳድጉት፣ ከሰውነት ተለይቶም የተጠቀለለ ጸጉር ማብቀሉን ቀጥሏል። ቅርጹን የሚወስነው አየሩ ወይም ቅባቱ ሳይሆን ከረጢቱ ራሱ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

የከረጢቱን አሠራር የሚመሩት ዘረ መሎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በአውስትራሊያ በሚኖሩ መንትዮችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት፣ አውሮፓዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች መካከል ከሚታየው የጸጉር ቅርጽ ልዩነት ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው በውርስ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ትሪኮሃያሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል በዚያ ልዩነት ውስጥ ጎልቶ የወጣ ሲሆን፣ ድርሻው ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ቀሪው በብዙ ትናንሽ ድርሻዎች የተከፋፈለ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጆችዎ ልመለስ። እያንዳንዷ ልጅ ከእናቷ ግማሹን፣ ከአባቷ ግማሹን ትወርሳለች፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሳት ግን በዕጣ ነው። ወላጆቹ በእነዚያ ዘረ መሎች የተለያየ ቅጂ የያዙ ከሆኑ፣ ከአንድ ማሕፀን ሉጫም፣ ጥቅልም፣ ከርዳዳም ሊወለድ ይችላል። ትንሿ ልጅዎ ጸጉሯን ያመጣችው ከእርስዎና ከባለቤትዎ ነው፤ ትልቋ ያመጣችበት ሌላ ምንጭ የለም።

ጸጉር ሠሪ ከፒያሳ፦

መምህሩ ያሉትን በየቀኑ በእጄ አየዋለሁ። ወደ ሥራ ቤቴ ከሚመጡት መካከል በአናቷ ከርዳዳ፣ በማጅራቷ ሰፊ ጥቅል፣ በጆሮ ግንዷ ሉጫ ጸጉር ያላት ብዙ ናት። ደንበኛዋ በፎንና በፔስትራ ለዓመታት ስትተኩሰው ስለኖረች የራሷን ጸጉር ቅርጽ ጨርሶ የማታውቅበት ጊዜም አለ። ልጆችዎን ያለ ምንም ቅባት አጥበው፣ ሳያበጥሩ በራሱ ይድረቅ ብለው ይተዉት፤ ቅርጹ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቅባትም መግዛት ያለብዎት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሰው ዘር ዐይተው ሳይሆን ይህን ዐይተው ነው፦ ለቀጭኑና ለሉጫው ቀላል፣ ለጥብቁ ጥቅል ወፈር ያለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በሉጫው ዘለላ ላይ በቀላሉ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ያግደዋል፤ ስለዚህ ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ ይደርቃል። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ አናት ላይ የሚያኖሩት፣ የሐመር ሴቶች ደግሞ ቅቤውን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው የሚቀቡት በከንቱ አይደለም።

አንባቢ (ባሕር ዳር)፦

የመምህሩን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሰው ሲታይ ዘሩ ከጸጉሩ ይታወቃል። የቻይናውን፣ የስዊድኑን፣ የናይጄሪያውን ጸጉር ማንም ሳይነገረው ይለያል። በእኛም አገር ሉጫው ጸጉር ከቀይ ባሕር ማዶ ከመጣው ዘር፣ ከርዳዳው ደግሞ ከነባሩ የተወረሰ ነው ሲባል ኖሯል። ይህ ከሆነ፣ የሰውን የዘር ግንድ ከጸጉሩ ተነሥቶ መገመት የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? እህታችንን የሚጠይቋቸው ዘመዶችም ከዚህ የተለየ ነገር አላሉም።

የሥነ ዘረ መል ተማሪ (ኡፕሳላ)፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከልብ የመነጨ በመሆኑ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ካሉት ውስጥ እውነት የሆነውን ላስቀድም። በጋሞ ደጋማ ስፍራ በሞጣ ዋሻ የተገኘውና ከ4,500 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ሰው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲነበብ፣ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ቅልቅል አልተገኘበትም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሴም እና የኩሽ ቋንቋዎች ተናጋሪ በሆኑ ኢትዮጵያውያን ዘረ መል ውስጥ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለ፣ ቅልቅሉም ከ3,000 ዓመታት ገደማ በፊት እንደተከናወነ አመልክቷል። ስለዚህ የጸጉራችን ስፋት ያለው ልዩነት ከዚህ ታሪክ ጋር አይገናኝም ማለት አይቻልም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ፣ የሕዝብን አማካይ ወስዶ አንዲትን ልጅ ሲለኩበት ነው። ቅልቅሉ ከመቶ በሚበልጥ ትውልድ ውስጥ ተበጥሮ ተሰባጥሯል፤ የጸጉር ቅርጽ የሚመሩት ዘረ መሎች ደግሞ ከመላው ዘረ መላችን እጅግ ጥቂቱ ክፍል ናቸው። ሦስቱ እኅትማማቾች ከሁለቱም ወገን የወረሱት አጠቃላይ ድርሻ እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ሳለ ጸጉራቸው ግን ሦስት ዓይነት ሆኗል። የትልቋን ጸጉር ዐይቶ «ይህቺ የበለጠ ከማዶ ናት» የሚል ሰው የሚናገረው ሐሰት ነው።

ወደ ዓለም ሰፋ አድርገን ስናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የቻይናውና የስዊድኑ ጸጉር ሁለቱም ሉጫ ሊሆን ይችላል፤ ሉጫ ያደረጋቸው መንገድ ግን አንድ አይደለም። በምሥራቅ እስያና በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ኤዳር በተባለው ዘረ መል ላይ አንዲት ለውጥ በእጅጉ ተስፋፍታ ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ለውጧ ከ30,000 ዓመታት በፊት በቻይና ምድር እንደተነሣች ገምቷል። ተመራማሪዎቹ ይህችኑ ለውጥ በአይጦች ውስጥ ሲያስገቡ የአይጦቹ ጸጉር ወፈረ፣ የላብ ዕጢዎቻቸውም በዙ። ይኸው ዘረ መል በሰው የፊት ጥርስ ቅርጽ ላይም አሻራውን ይተዋል። በአውሮፓውያን ዘንድ ግን ይህች ለውጥ የለችም ለማለት ይቻላል፤ እዚያ የሚጠቀሰው መምህሩ ያነሡት የትሪኮሃያሊን ዘረ መል ነው።

ጥብቅ ጥቅልም እንዲሁ ነው። የፓፑዋ ኒው ጊኒና የሰሎሞን ደሴቶች ሰዎች ጸጉር ከብዙ አፍሪካውያን ጸጉር ጋር ሲያዩት ይመሳሰላል፤ በዘረ መል ግን ከአፍሪካውያን ይልቅ ለእስያ ሕዝቦች የቀረቡ ናቸው። ጸጉርን ዐይቶ ዘር የሚቆጥር ሰው እነዚህን ሁለት ሕዝቦች አንድ ቤተሰብ ባደረጋቸው ነበር።

ቀለምስ? በሰሎሞን ደሴቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ሰው ቆዳው ጥቁር ሆኖ ጸጉሩ ወርቃማ ነው። ለብዙ ጊዜ ከአውሮፓውያን መርከበኞች የመጣ ነው፣ ወይም ዓሣ በመብላትና በፀሐይ ብዛት ነው ሲባል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ምክንያቱ ሲታወቅ፣ ቲ-ዋይ-አር-ፒ-1 በተባለው ዘረ መል ላይ የተፈጠረ የአንዲት ፊደል ለውጥ ሆኖ ተገኘ፤ ለውጧም በአውሮፓውያን ዘንድ አልተገኘችም። የሰሜን አውሮፓው ወርቃማ ጸጉር የመጣው በሌሎች ዘረ መሎች በኩል ነው። ቀዩ ጸጉር ደግሞ ኤም-ሲ-1-አር የሚባለው ዘረ መል ሲዳከም የሚመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ቀለም ዩሜላኒን ቀንሶ ቀዩ ፊዮሜላኒን ያይላል።

ቅርጹ፣ ውፍረቱና ቀለሙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ አብረው አይጓዙም። በአፍሪካ ውስጥ ያለው የዘረ መል ልዩነት ከየትኛውም አህጉር የሰፋ ነው፤ ስለዚህ «የአፍሪካ ጸጉር» የሚለው ስም በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረውን የሳንን ሕዝብ በትናንሽ ነጠብጣብ የሚሰበሰብ ጸጉር፣ የአፋሩን ወጣት በቅቤ የተሽሞነሞነ ጥቅልና የእህታችንን ሦስት ልጆች በአንድ ከረጢት ለመክተት ይሞክራል።

አንባቢ (ባሕር ዳር)፦

አመሰግናለሁ፤ የሰሎሞን ደሴቶቹን አላውቅም ነበር። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይፈቀድልኝ፤ ጥብቅ ጥቅል ከመጀመሪያው ለሰው ልጅ ምን ጠቀመው?

የሥነ ዘረ መል ተማሪ (ኡፕሳላ)፦

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥሩ ሙከራ አለ። ቲና ላሲሲ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሙቀት የሚለካ የሰው አምሳያ አዘጋጅተው፣ ከሰው ጸጉር የተሠሩ ሉጫ፣ መካከለኛና ጥብቅ ጥቅል ዊጎችን እያፈራረቁ በማጥለቅ ፀሐይን በሚተካ መብራት ሥር አቆሙት። ማንኛውም ጸጉር ከባዶ ራስ ይልቅ ሙቀቱን ቀነሰ፤ ከሁሉ በላይ የቀነሰው ግን ጥብቁ ጥቅል ነበር። ጥብቅ ጥቅል በጨረሩና በራስ ቆዳው መካከል አየር የያዘ ውፍረት ስለሚፈጥር፣ ራስን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ላብ ያንሳል፤ በሐሩር ምድር ቀጥ ብሎ ለሚራመድና ትልቅ አንጎል ለተሸከመ ፍጡር ውኃ መቆጠብ ቀላል ነገር አይደለም። ሙከራው ጥቅሙን አሳይቷል፤ ጸጉሩ የተፈጠረበት ብቸኛ ምክንያት ይህ ነው ብሎ መደምደም ግን ከሙከራው አልፎ መሄድ ይሆናል።

የታሪክ ተመራማሪ (አዲስ አበባ)፦

ውይይቱ በሥነ ሕይወት ብቻ እንዳያልቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ዘሩ ከጸጉሩ ይታወቃል» የሚለው ሐሳብ መንግሥት ሥራ ላይ ሲያውለው ምን እንዳስከተለ በሰነድ የተመዘገበ ነው።

የጀርመኑ አንትሮፖሎጂስት ኦይገን ፊሸር የሰውን ጸጉር ቀለም የሚለካበት የናሙና ሠሌዳ አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የዛሬይቱ ናሚቢያ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችበት ጊዜ ወደ ሬሆቦት ሄዶ፣ ከአፍሪካውያንና ከአውሮፓውያን የተወለዱ ቤተሰቦችን ጸጉርና ዐይን እየለካ «ቅልቅል ዘር» ስለሚለው ነገር ጻፈ፤ በኋላም ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ የናዚ ሥርዓት የዘር ፖሊሲ መደገፊያ ሆነ።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው በዘር መደብ ሲያስመዘግብ፣ ባለሥልጣናቱ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ እርሳስ በጸጉር ውስጥ መሰካት ነበር። እርሳሱ ከወደቀ ሰውዬው ነጭ፣ ከተያዘ ነጭ ያልሆነ ሊባል ይችላል። አንድ ቤተሰብ በእርሳስ ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ ነበር። የሳንድራ ላይንግን ታሪክ ለእህታችን ስል ላንሣው፦ እ.ኤ.አ. በ1955 ነጭ ተብለው ከተመዘገቡ ወላጆች ተወለደች፤ ቆዳዋ ጠየም ያለ፣ ጸጉሯ የተጠቀለለ ስለነበር በ1966 ከነጮች ትምህርት ቤት ተባረረች፣ መዝገቧም «ክልስ» ወደሚለው መደብ ተዛወረ። ወላጆቿ ልጃቸው እንደሆነች በደም ምርመራ ጭምር ተከራከሩላት፤ ወንድሞቿ ግን ነጭ ተብለው ኖሩ። የትውልዷን ጉዳይ በተመለከተ ሥርዓቱ የጠየቃት ጥያቄ፣ ዘመዶች ለዚያች ሕፃን ከሚያቀርቧት «ከየት አመጣችው?» ጋር በይዘቱ አንድ ነው። ዘመዶቹ ክፉ ሐሳብ እንደሌላቸው አምናለሁ፤ ልጅ የምትሰማው ግን ጥያቄውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አነበብነው፤ ወንድሞቿ ነጭ ተብለው ሲኖሩ እሷ የተባረረችበት ታሪክ ላይ ስንደርስ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ሁለት ነገር ልጨምር። የትንሿ ጸጉር አያድግም ይሉኛል፤ እውነት ነው? ሹሩባ ስትሠራ ደግሞ ታለቅሳለች፤ ጠበቅ ካላለ አይቆይም ስለሚባል እንጂ ልጄን ማሳመም አልፈልግም።

የቆዳ ሐኪም (ሐዋሳ)፦

እህቴ፣ የትንሿ ልጅዎ ጸጉር ያድጋል። ከማዕከላዊና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወጣቶች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ጸጉራቸው በወር ወደ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአውሮፓውያኑ ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ መዝግቧል፤ ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በኢትዮጵያውያን ላይ መጫን ግን ተገቢ አይደለም። ጸጉሯ አጭር የሚመስልበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፦ ጥብቅ ጥቅል ሲደርቅ ይሰበሰባልና ርዝመቱን ይደብቃል፤ ከዚያም በላይ በየመጠምዘዣው ስለሚደክም በደረቁ ሲበጠር ይሰበራል። የሚያድገው ያህል ከጫፉ እየተሰበረ ነው አላደገም የሚባለው። ስለዚህ ጸጉሯ ርጥብና ቅባት የነካው ሳለ፣ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረው ወደ ሥር እየወጡ ይፍቱት።

ሹሩባውን በተመለከተ የልጅዎን ለቅሶ ይስሙት። የሚያም ሹሩባ የጠበቀ ሹሩባ ነው። ጸጉር ለረጅም ጊዜ ከሥሩ ሲሳብ በግንባር ጠርዝና በጆሮ ግንድ ላይ ይሳሳል፤ ሹሩባው በመጀመሪያው ጊዜ ከላላ ጸጉሩ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቱ ጠባሳ ሆኖ ዳግመኛ አያበቅልም። ይህንን በክሊኒኬ በወጣት ሴቶች ላይ አዘውትሬ የማየው ሲሆን፣ ሊያስቀሩት የሚቻል መሆኑ ያሳዝነኛል። ከሥሩ የማይስብ፣ ወፈር ወፈር ያለ ሹሩባ ይሠራላት፤ ቶሎ ቢፈታም ይፈታ። በሹሩባው ሥር ትናንሽ ብጉሮች ካዩ ወይም የግንባሯ ጸጉር ወደ ኋላ ከሸሸ ወዲያውኑ ይፍቱት።

ሪላክሰር ለሕፃን አይሆንም። ጸጉርን ቀጥ የሚያደርገው በዘለላው ውስጥ ኬራቲኑን የሚያያይዙትን የድኝ ማሰሪያዎች በኃይለኛ አልካሊ በመፍታት ነው፤ ያው ኬሚካል የራስ ቆዳን ያቃጥላል፣ አዲስ የሚበቅለውን ጸጉር ቅርጽ ግን አይለውጥም፤ ከረጢቱ እንደነበረ ነውና።

ስለ አዋቂ ሴቶች አንድ ነገር ላክል፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። ከአናት ጀምሮ ወደ ዙሪያው እየሰፋ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ የጸጉር መርገፍ በአፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ለረጅም ጊዜ በካውያና በኬሚካል ብቻ ሲሳበብ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ከታማሚዎቹ በከፊሉ ላይ ፒ-ኤ-ዲ-አይ-3 በተባለው፣ ለዘለላው መፈጠር በሚያስፈልገው ዘረ መል ላይ ለውጥ ተገኝቷል። እናት ወይም እኅት አናቷ ላይ ጸጉሯ የሳሳ ካለች፣ ማቃጠልና ማሳከክ ከተሰማት፣ ጠባሳው ሳይሰፋ ሐኪም ትይ።

በመጨረሻም ልጆችዎ ዛሬ ያላቸው ጸጉር የነገው ላይሆን ይችላል። በጉርምስና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች የከረጢቱን አሠራር ስለሚነኩ፣ ሉጫው ሲጠቀለል፣ ጥቅሉም ሲላላ ይታያል፤ በእርግዝና ጊዜ ጸጉር ይበዛል፣ ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ወራት ይረግፋል። የትልቋ ጸጉር በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመቷ መጠቅለል ቢጀምር አትደናገጡ፤ የምትጠቀሙበትን ቅባት ብቻ ያን ጊዜ ቀይሩት።